የከፈለ ሕዝብ ይጠይቅ ዘንድ ይገባዋል

አንድ ሕዝብ ለልጆቹ ትምህርት ከጥሪቱ ከፍሎ በሰጠ ጊዜ ሁለት ነገር ይጸናለታል፤ አንደኛው ትምህርት ቤቱን የመርዳት ግዴታ ነው፤ ሁለተኛውም ልጁ በእውነት ተምሮ እንደ ሆነ የመጠየቅ መብት ነው። ግዴታው ያለ መብት ሲቀር መዋጮው እንደ ቅጣት ይቈጠራል፤ መብቱም ያለ ግዴታ ሲቀር ጥያቄው ሐሜት ይሆናል። ሁለቱን በአንድ ማሰሪያ የሚያስተሳስራቸው በየቀበሌው የተቋቋመው የትምህርት ቦርድ፣ ከእርሱም ጋር የሚሠራው የወላጆችና የመምህራን ኅብረት ነው። ስሙ ትንሽ መስሎ ቢታይም ሥራው ግን ትንሽ አይደለም።

ይህም በተለይ ጐልቶ የሚታየው ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በቤንች አገር ነው። በሚዛን ተፈሪ፣ በሸዋ ቤንችና በዙሪያቸው ባሉት መንደሮች የሕዝቡ መተዳደሪያ በአብዛኛው ቡና፣ ማርና ቅመማ ቅመም ነው። ዝናሙ ብዙ፣ ደኑ ጥቅጥቅ ያለ፣ የገጠሩም መንገድ በክረምት አስቸጋሪ ስለ ሆነ ከዞንና ከወረዳ የሚላከው ተቈጣጣሪ በየወሩ በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ ሊገኝ አይችልም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን በየቀኑ የሚያይ ዐይን የሚገኘው ከዚያው ከመንደሩ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሟል፤ በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሥርቷል። ሁለቱም ለአገሩ ታላቅ ነገር ናቸው። ነገር ግን መሰላል የሚወጣው ከታች ጀምሮ ስለ ሆነ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከደከመ የላይኛው ደጅ ለአገሬው ልጅ ተከፍቶ ሳለ እንደ ተዘጋ ይቈጠራል።

ሕዝቡ ለትምህርት መክፈል የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ፤ ገንዘቡም በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል፣ የአገሩም የትምህርት ቦርድ እንዲያስተዳድረው ተወሰነ። በዚያ ዘመን የቤንች አገር ጊሚራ እየተባለ በከፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ይተዳደር ነበር። የአዋጁ አሳብ መልካም ነበር፤ የአገሩ ገንዘብ ለአገሩ ልጅ ይሁን ማለት ነውና። ዳሩ ግን ግብሩን የሚከፍለው ገበሬ ከቦርዱ ወንበር እጅግ ሩቅ ነበር። ከፋዩ ሌላ፣ ተቀማጩ ሌላ በሆነበት ቦታ ሒሳብ የሚጠይቅ አይገኝም።

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1976 የወጣው ቁጥር 103 አዋጅ ትምህርት ቤቶችን ሕዝቡ እንዲያስተዳድርና እንዲቈጣጠር አዘዘ፤ በ1984 የወጣው ቁጥር 260 አዋጅም አስተዳደራቸውን ለማጠናከር ተጨመረ። ወንበሩ ወደ ገበሬው ቀረበ፤ ነገር ግን ከላይ የሚወርደው ትእዛዝ ከታች ከሚወጣው ጥያቄ ይልቅ የበረታበት ዘመን ስለ ነበረ፣ ኮሚቴው ከጠያቂነት ይልቅ ፈጻሚ ለመሆን ተገደደ።

ከዚያም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት ተቋሞች በውስጥ አስተዳደራቸው ራሳቸውን ችለው፣ ከኅብረተሰቡ፣ ከመምህራንና ከተማሪዎች በተውጣጡ ቦርዶች ወይም ኮሚቴዎች እንዲመሩ ደነገገ። በ1994 ዓ.ም. የተሰጠው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የሕብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያም የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድንና የወላጅ መምህር ኅብረትን ሥልጣንና ተግባር ዘርዝሮ አስቀመጠ። በሕግ ረገድ እንግዲህ የጐደለ ብዙ ነገር የለም። ወንበሩም ቀርቧል፤ መብቱም ተጽፏል። የቀረው በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ምን ይሠራል የሚለው ነው።

በብዙ ትንንሽ ከተሞች ቦርዱ የሚሰበሰበው ገንዘብ በጐደለ ጊዜ ነው። ቈርቈሮ ሲነቀል፣ ዴስክ ሲሰበር፣ አጥር ሲወድቅ ወላጆች ይጠራሉ፤ መዋጮው ይወሰናል፤ ጉባኤውም ይበተናል። “ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ” እንደ ተባለው፣ በኅብረት የተሠራ ክፍል ለሕዝቡ ጌጡ መሆኑ አይካድም። ዳሩ ግን አዲስ በተሠራው ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ማንበብ ካልቻለ፣ ሕዝቡ የገዛው ቤቱን እንጂ ትምህርቱን አይደለም።

ነገሩ ቀላል አለመሆኑን ቍጥሩ ይመሰክራል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ከመቶ ኀምሳና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆኑ፤ በዚያም ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ ለማሳለፍ አልቻሉም። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ደረሰ። መሻሻሉ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ዘጠና ከመቶ የሚበልጠው አሁንም አልተሻገረም። ለዚህ ሁሉ የቀበሌ ቦርድ ብቻውን ተጠያቂ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገር ግን የ12ኛ ክፍል ውድቀት በ12ኛ ክፍል አይጀምርም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2010 በአገሪቱ በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ የሚያህሉት አንድ ቃል እንኳ ለማንበብ አለመቻላቸው ታውቋል። ይህን ጉድለት ገና በጧት ለማየት ከቦርዱ የቀረበ ማንም የለም።

የቡና አገር ቦርድ ደግሞ ሌላ አገር የማያውቀው ጭንቀት አለበት። ቡና በቀላ ጊዜ ቀን አይሰጥም፤ ካልተለቀመ ይረግፋል፣ ይበላሻል። የለቀማውም ወራት የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ከሆኑት ወራት ጋር ይገናኛል። ቅርጫት የያዘ ልጅ ደብተር አይዝም፤ የድኻ ወላጅም የልጁን ጕልበት የሚፈልገው በክፋት አይደለም። በዚህ ጊዜ ወላጅን መውቀስ ብቻ ፍሬ የለውም። አስተዋይ ቦርድ ለቀማው ሳይጀመር ወላጆችንና የእርሻ ባለቤቶችን ይሰበስባል፤ በትምህርት ሰዓት ልጅ እንዳይቀጠር ያስማማል፤ ከርእሰ መምህሩ ጋር ሆኖ የቀሩትን ልጆች ስም በየሳምንቱ ያያል፤ ያመለጣቸው ትምህርት የሚካካስበትን ሰዓት ያስወስናል። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትጋትን ነው።

የገንዘቡም ነገር ቢሆን መልክ ሊይዝ ይገባዋል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ጥራት ማሻሻያ መርሐ ግብር አማካይነት ለትምህርት ቤቶች በተማሪ ቍጥር የሚታሰብ የድጎማ ገንዘብ ይሰጥ ጀመር፤ ወላጁ የሚያዋጣውም በዚያ ላይ ይጨመራል። እንግዲህ ገቢና ወጪው በመዝገብ ተጽፎ፣ ማንበብ ለማይችለው ወላጅ ደግሞ በጉባኤ ላይ ጮክ ተብሎ ሊነበብለት ይገባል። የመዋጮው ገንዘብ የት እንደ ገባ የሰማ ወላጅ በሚቀጥለው ዓመት ሳይጠራ ይመጣል፤ ያልሰማ ግን ተጠርቶም አይመጣም። መስጠት ያልቻለም ድኻ ቢሆን ልጁ በመዋጮ ምክንያት ከደጅ እንዳይመለስ ቦርዱ ጠባቂ ሊሆነው ያስፈልጋል።

በቦርዱ ወንበር ላይ የሚቀመጡትም ሰዎች የአገሩን መልክ ሊመስሉ ይገባል። ቤንቹ፣ ሸኮው፣ ሜኢኒቱ፣ ከፋውና ከሌላ አገር መጥቶ የሰፈረው ልጆቻቸውን የሚልኩት ወደ አንድ ትምህርት ቤት ነው። ቤንችኛ አንዱን ቃል ከሌላው በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ብቻ የሚለይ፣ አምስት የድምፅ ደረጃ ያለው፣ በዓለም ከታወቁት ቋንቋዎች መካከል ብርቅ የሆነ ቋንቋ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ መምህር የሕፃኑን ዝምታ ስንፍና አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ እናቲቱ ግን ቋንቋው ገና ስላልገባው ዝም ማለቱን ታውቃለች። እናቶች በቦርዱ ውስጥ ከሌሉ ይህን ለመምህሩ የሚነግረው ማን ነው?

ይህ ጕዳይ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ጃፓኖች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1872 የትምህርት ሕግ ባወጡ ጊዜ ወጪውን በመንደሮቹ ላይ ስለ ጣሉት፣ ገበሬዎች ተቈጥተው በአንዳንድ ስፍራ ትምህርት ቤቶችን አቃጠሉ። በ1879 ሕጉን አላልተው በየመንደሩ ለተመረጡ የትምህርት ጉባኤዎች ሥልጣን ሰጡ፤ ነገር ግን ትምህርት ቸል መባሉን ባዩ ጊዜ በ1880 የመንግሥትን ቍጥጥር መልሰው አጠበቁ። ከዚህ የሚገኘው ምክር ሕዝብ ያለ መንግሥት፣ መንግሥትም ያለ ሕዝብ ትምህርት ቤትን ሊያቆሙት የማይችሉ መሆናቸው ነው። በቅርብ ዘመንም በኢንዶኔዢያ፣ በጃቫ ደሴት፣ በ520 ትምህርት ቤቶች በተደረገው ጥናት ለትምህርት ቤት ኮሚቴዎች ገንዘብና ሥልጠና ብቻ መስጠት የልጆቹን ዕውቀት እምብዛም አልጨመረም፤ ኮሚቴው በምርጫ ተቋቁሞ ከመንደሩ ምክር ቤት ጋር በተያያዘ ጊዜ ግን ውጤቱ ተሻለ።

ማንበብ የማይችል ገበሬ መምህርን እንዴት አድርጎ ይመዝናል? የሚል ባለሥልጣን አይጠፋም። መልሱ እንዲህ ነው፤ ገበሬው ሦስት ነገር ለመጠየቅ ፊደል መቍጠር አያስፈልገውም። መምህሩ በሰዓቱ መጥቷልን? ልጄ ያነብባልን? ገንዘቡስ የት ገባ? የሁለተኛውን ጥያቄ መልስ ለማረጋገጥ ደግሞ በየአጥቢያው የተማሩ ካህናት አሉ። መምህሩን ሰበካው ሲመግብ፣ ተማሪውም በመንደሩ እንጀራ ሲማር ያደጉ ናቸውና፣ ትምህርት በሕዝብ ትከሻ ላይ መቆሙ ለእነርሱ አዲስ ነገር አይደለም። ልጁን አቅርቦ አንድ ገጽ ማስነበብ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

ለመምህሩም ቢሆን እንዲህ ያለው ቦርድ ባላጋራ አይሆንበትም። መኖሪያ ቤት ያጣውን መምህር፣ ውኃ የሌለውን ትምህርት ቤት፣ የተለየ መጸዳጃ ስለሌላቸው ከትምህርት የሚቀሩትን ልጃገረዶች አይቶ ለወረዳው አቤት የሚለው ያው ቦርድ ነውና።

ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1930ዎቹ የተወሰደው የጌሻ ቡና ዘር ከብዙ ዘመን በኋላ በ2004 በፓናማ ጨረታ የዓለምን ገዢ ሁሉ አስደንቆ ታላቅ ዋጋ አወጣ። ዘሩ ያው የደኑ ዘር ነበር፤ ለዚያ ክብር ያበቃው ግን የተቀበለው እጅ ትጋት ነው። የዚያ ደን አገር ልጆችም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ የወረዳና የዞን ሹማምንት ለቦርዶች የመዋጮ መጠን ብቻ ቈርጠው ከመላክ ይልቅ፣ ያቀረቡትን ጥያቄ ተቀብለው በጽሑፍ መልስ ይስጧቸው። በቡና ለቀማ ወራት ስንት ልጅ ቀረ፣ ስንቱስ ተመለሰ ብለው ከገንዘቡ ሒሳብ ጋር የልጆቹን ሒሳብ ይጠይቁ። ይህ የተደረገ እንደ ሆነ ሕዝቡ በገንዘቡ ብቻ ሳይሆን በልቡም ከትምህርት ቤቱ ጋር ይቆማል።