«ማጠቃለያ ተግባር»፦ ለመረጃ ቋት ጀማሪ የሚሆኑ ስያሜዎችና ማብራሪያቸው

በመረጃ ቋት ሙያ ውስጥ ከብዙ ረድፎች አንድ ውጤት የሚያወጡ የስሌት መሣሪያዎች አሉ። ረድፍ የሚቆጥረው፣ ድምር የሚያወጣው፣ አማካይ የሚያሰላው፣ ትልቁንና ትንሹን እሴት የሚለየው ሁሉ ከዚህ ወገን ነው። ዋና ዋናዎቹ በኤስኪውኤል ቋንቋ ተዘጋጅተው ይገኛሉ፤ ፖስትግሬስኪውኤልንና ኤስኪውላይትን የመሳሰሉ ሥርዓቶች ደግሞ ተጠቃሚው የራሱን ሠርቶ እንዲጨምር ይፈቅዳሉ። ይህን ሥራ በአማርኛ ሊማር የሚነሣ ሰው ከስሌቱ አስቀድሞ የስያሜ ችግር ይገጥመዋል። ያልተስተካከለ ስያሜ ያልተስተካከለ ስሌት ያስከትላልና፣ ጉዳዩን ከቃሉም ከሥራውም አንጻር መመልከት ተገቢ ነው።

ሀ. የዋናው ስያሜ ምርጫ

ለዚህ መሣሪያ አራት ስያሜዎች ሊታሰቡ ይችላሉ። «ደማሪ ተግባር» ቢባል ሥራውን በመደመር ብቻ ይወስነዋል፤ ትልቁን እሴት መምረጥ ግን መደመር አይደለም። «ሰብሳቢ ተግባር» ቢባል፣ ሰብሳቢ ያገኘውን ያከማቻል እንጂ ወደ አንድ አይለውጥም፤ በዚያም ላይ ቃሉ የስብሰባ መሪን ያስታውሳል። «አጠቃላይ ተግባር» በቅርጹ እንከን የለበትም፤ «አጠቃለለ» ከሚለው ግስ የወጣ የአድራጊ ስም ነውና። ይሁን እንጂ የዛሬ አንባቢ «አጠቃላይ»ን የሚረዳው «ዝርዝር» ለሚለው ተቃራኒ በሆነው ቅጽልነቱ ስለ ሆነ፣ ለማናቸውም ነገር የሚያገለግል ተግባር ይመስለዋል። «ማጠቃለያ ተግባር» ከእነዚህ ሁሉ ይሻላል። የመሣሪያ ስም ነው፤ የድርሰት ማጠቃለያ ብዙውን ሐተታ በአንድ አንቀጽ እንደሚቋጭ ሁሉ፣ ይህም ተግባር ብዙውን ረድፍ በአንድ እሴት ይቋጫል።

ለ. የማጠቃለያ ተግባር ክፍሎች

አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር እሸት ቡና ሲረከብ፣ በየረድፉ የቡናውን ኪሎና የአንዱን ኪሎ ዋጋ ይመዘግባል እንበል። አንዱ ገበሬ 10 ኪሎ በ40 ብር ሒሳብ፣ ሌላው 30 ኪሎ በ60 ብር ሒሳብ ቢያስረክቡ፣ የሁለቱ ዋጋዎች ተራ አማካይ 50 ብር ነው። ማኅበሩ የከፈለው ግን 400 ብርና 1,800 ብር፣ በድምሩ 2,200 ብር ስለ ሆነ፣ ይህ ለ40 ኪሎ ሲካፈል እውነተኛው አማካይ 55 ብር ይሆናል። ይህን በኪሎ የተመዘነ አማካይ ሁለት ድምሮችን በማካፈል ማግኘት ይቻላል፤ በየመጠይቁ ከመደጋገም ይልቅ ግን በአንድ ስም ማኖር ይቀላል። ለጀማሪም ጥሩ መለማመጃ ነው። ሥራው የሚከተሉት ክፍሎች አሉት፦

1. መያዣ፦ ስሌቱ በመካሄድ ላይ ሳለ እስካሁን የተደረሰበትን የሚያቆይ ነው። በምሳሌያችን ሁለት ቁጥሮች ይይዛል፤ ይኸውም የብሩን ድምርና የኪሎውን ድምር።

2. መነሻ፦ አንድም ረድፍ ሳይነበብ መያዣው የሚኖረው እሴት ነው። እዚህ ላይ 0 ብርና 0 ኪሎ ነው።

3. ማሸጋገሪያ፦ ለእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ጊዜ ይጠራል። የቀድሞውን መያዣና የረድፉን እሴቶች ተቀብሎ አዲሱን መያዣ ይመልሳል። ከመጀመሪያው ረድፍ በኋላ 400 ብርና 10 ኪሎ፣ ከሁለተኛው በኋላ 2,200 ብርና 40 ኪሎ ይሆናል።

4. መደምደሚያ፦ ረድፎቹ ሲያልቁ ይጠራል፤ መያዣውን ወደ ውጤት ይለውጣል። 2,200ን ለ40 አካፍሎ 55 ያወጣል።

5. ማዋሐጃ፦ ሥራው በተለያዩ ክፍሎች ተከፋፍሎ ሲሠራ ሁለት መያዣዎችን አንድ ያደርጋል። በፖስትግሬስኪውኤል ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው 9.6 ዕትም ነው።

በፖስትግሬስኪውኤል መደምደሚያው ካልተሰጠ የመጨረሻው መያዣ ራሱ ውጤት ይሆናል። በኤስኪውላይት ደግሞ ለተራ ማጠቃለያ ተግባር ሠሪው የሚያቀርበው ማሸጋገሪያውንና መደምደሚያውን ሲሆን፣ መያዣውንና መነሻውን በእነዚሁ ውስጥ ያዘጋጃል።

«ደማሪ» የሚለው ስያሜ ጉዳት ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በመደመር ጊዜ መያዣውና ውጤቱ አንድ ስለ ሆኑ፣ መደመርን ብቻ የሚያስብ ጀማሪ ልዩነታቸውን አያይም። ከዚህም የተነሣ ውጤትን ከውጤት ጋር ለማዋሐድ ይነሣል። ማኅበሩ በሌላ መረከቢያ ጣቢያ 60 ኪሎ በ2,700 ብር ቢረከብ፣ የዚያ ጣቢያ አማካይ 45 ብር ነው። የ55ና የ45 አማካይ 50 ይሆናል። መያዣዎቹ ሲዋሐዱ ግን 4,900 ብር ለ100 ኪሎ ተካፍሎ 49 ብር ያስገኛል፤ ትክክለኛውም ይህ ነው። የአንድ ብር ልዩነት ቀላል ቢመስልም፣ በ100 ኪሎ ላይ 100 ብር ነው፤ በዚህ አማካይ ተመርኩዞ ሒሳቡን የሚያወራርድ ማኅበር ያልከፈለውን ብር እንደ ከፈለ ይቆጥራል። ስለዚህ ሊዋሐዱ የሚገባቸው መያዣዎች ናቸው።

ሐ. «ባዶ»ና «አልቦ»

ሁለተኛው የስያሜ ወጥመድ እሴት ያልተሞላበት ሥፍራ ነው። ብዙዎች «ባዶ» ይሉታል። ነገር ግን በአማርኛ «ባዶ አገኘ» የተባለ ተማሪ ዜሮ አግኝቷል ማለት ነው፤ በመረጃ ቋት ውስጥ ደግሞ ዜሮና ያልተሞላ ሥፍራ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ያልተመዘነ ቡና ዜሮ ኪሎ አይደለም። በሰዋስው ጽሑፎች ቦታው እያለ ድምፅ የሌለውን ምዕላድ «አልቦ» እንለዋለን፤ ይኸው ቃል እዚህም ቢያገለግል ይስማማል።

በኤስኪውኤል ሕግ አልቦ የተደመረበት ቁጥር አልቦ ይሆናል። ማሸጋገሪያው ይህን ካልተጠነቀቀ፣ አንዲት ኪሎዋ ያልተጻፈ ረድፍ መያዣውን አልቦ ታደርገዋለች፤ ከእርሷ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በፖስትግሬስኪውኤል ማሸጋገሪያው «ጥብቅ» ተብሎ ከታወጀ አልቦ ያለበት ረድፍ ይዘለላል። እንዲሁም አንድም ረድፍ በሌለበት ጊዜ መደምደሚያው ለዜሮ ማካፈል ይገጥመዋል፤ በዚህ ጊዜ ሊመልስ የሚገባው አልቦ ነው። ከተለመዱት ተግባራትም ረድፍ ሲጠፋ ቆጣሪው 0 ሲመልስ፣ ድምር አውጪው አልቦ ይመልሳል። ሁለቱን «ባዶ» ብሎ የሚጠራ አስተማሪ ይህን ልዩነት ለማስረዳት ይቸገራል።

መ. የስያሜዎቹ አመሠራረት

ማጠቃለያ፣ መያዣ፣ መነሻ፣ ማሸጋገሪያ፣ መደምደሚያና ማዋሐጃ በአንድ የመሣሪያ ስም ሥርዓት የተገኙ ናቸው። «መደምደሚያ»ና «ማሸጋገሪያ» መድረሻቸውን በግልጽ ያሳያሉ፤ በሌሎቹ ግን የግሱ የመጨረሻ ድምፅ ወደ ላንቃ ድምፅ ተለውጧል። ተነሣ መነሻ፣ ያዘ መያዣ፣ አዋሐደ ማዋሐጃ፣ አጠቃለለ ማጠቃለያ ሆኗል። አንድ ዓይነት አመሠራረት መኖሩ ለተማሪው ይጠቅመዋል፤ ሁሉም የአንድ ሥራ መሣሪያዎች መሆናቸውን ከቅርጻቸው ይረዳልና። «መያዣ» በሕግና በባንክ ቋንቋ የዕዳ ዋስትና ቢሆንም፣ ዐውዱ ስለሚለየው ችግር አይፈጥርም፤ ጥርጣሬ በሚኖርበት ቦታ «መያዣ እሴት» ማለት ይቻላል።

እነዚህ ስያሜዎች የቀረቡት ለውይይት ነው። የሚፈተኑትም በአንድ ጥያቄ ይሆናል፤ ይኸውም ጀማሪው ቃሉን ሰምቶ 49ኙን ከ50ው ለመለየት መቻሉ ነው።