74110 እና የወጣበት ጫካ

በዱባይ በአል ባርሻና በአጎራባቹ አል ቆዝ ስፔሻሊቲ ቡና በሚሸጥባቸው ቤቶች ከሚደረደሩት የኢትዮጵያ ቡና ከረጢቶች መካከል በአንዳንዶቹ ላይ 74110 ወይም 74112 የሚል ቁጥር ይነበባል፤ ገዢው የፋብሪካ መለያ መስሎት ሊያልፈው የሚችለው ይህ ቁጥር ግን የቡና ዝርያ መጠሪያ ሲሆን፣ መነሻው 74 እናት ዛፎቹ በጫካ ውስጥ የተመረጡበትን 1974ን ያመለክታል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የቁጥሩ ታሪክ የሚጀምረው ከበሽታ ነው። በኬንያ በ1922 የታወቀውና ገና ያልበሰለውን የቡና ፍሬ እያጠቆረ የሚያበሰብሰው የፈንገስ በሽታ በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ሲታይ፣ በ1967 የተቋቋመው የጅማ የምርምር ማዕከል ባለሙያዎች መፍትሔውን የፈለጉት በአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ ጫካዎች ውስጥ ነበር፤ በበሽታው በተጠቁ ዛፎች መካከል ፍሬያቸው ጤነኛ ሆኖ የተገኙትን እየለዩ ዘራቸውን ወሰዱ፣ ፈተኑ፣ አራቡ። 74110 እና 74112 በኢሉባቦር ከመቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ ከተባለው ስፍራ የተገኙ ናቸው። በሽታው ከመምጣቱ በፊት እነዚያን ዛፎች ከጎረቤቶቻቸው ለይቶ ለመጠበቅ ምክንያት የነበረው ሰው አልነበረም፤ ልዩነታቸው የታወቀው መከራው ሲመጣ ብቻ ነው።

የዘረመል ብዝኃነት የሚባለውም ይኸው ነው፤ ይህም በአንድ ዝርያ ውስጥ ባሉ ዛፎች መካከል የሚገኝ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍና ብዙ ጊዜ በዓይን የማይለይ ልዩነት ሲሆን፣ አንዱ ዛፍ ድርቅን፣ ሌላው ፈንገስን፣ ሦስተኛው ሙቀትን እንዲቋቋም የሚያደርገው እሱ ነው። የአል ባርሻን ጎዳናዎች የሚያስጌጠው ተምር የዚህን ተቃራኒ ያሳያል፤ የተምር ዝርያ ስሙን ጠብቆ የሚቆየው ከእናቱ ሥር በሚበቅል ቅጥያ ወይም በቤተ ሙከራ በሚደረግ የሕዋስ ርቢ ስለሆነ፣ ኽላስ የተባሉት ተምሮች ሁሉ በዘረመል ረገድ አንድ ዛፍ ናቸው ማለት ይቻላል። የዓለም ቡናም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከየመን ወጥቶ በእስያ በኩል በ1706 አምስተርዳም ከደረሰ አንድ ተክል የተገኘው ዘር የላቲን አሜሪካን እርሻዎች በሰፊው ስለሞላ፣ የቡና ቅጠል ዝገት የተባለው በሽታ ወደዚያ ሲሻገር ያገኘው እርስ በርሱ እጅግ የሚመሳሰል ማሳ ነበር።

በኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ በከፋ፣ በሸካና በያዮ ያሉት ጫካዎች እንዲህ ያለ ጥበት የለባቸውም፤ ነገር ግን የሰው እጅ ያልነካቸው ዱሮችም አይደሉም። ገበሬው በየዓመቱ የሚገባው ለለቀማ ብቻ የሆነበት «የጫካ ቡና» ሲባል፣ ቁጥቋጦው እየተመነጠረ፣ የላይኛው ጥላ እየሳሳና በባዶው ቦታ ችግኝ እየተተከለ የሚያዘው «ከፊል የጫካ ቡና» ይባላል። ከፊል የጫካ ቡና ከንጹሕ እርሻ ጋር ሲነጻጸር ለዛፎች እጅግ የተሻለ መጠለያ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ጉዳቱ የሚመጣው በሁለት ስውር መንገዶች ነው። የመጀመሪያው የጥላ ዛፎቹን ይመለከታል፤ ገበሬው ሰሳን፣ ግራርንና ዋንዛን ለጥላቸው ሲያስቀር፣ የቀረሮ ቡቃያ ግን ከሌላው ጋር አብሮ ስለሚመነጠር፣ ዛሬ ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ግዙፍ ዛፍ ተተኪ ሳያፈራ ያረጃል።

ሁለተኛው የበለጠ የሚያሳስብ ነው። በሽታን እንዲቋቋሙ የተመረጡት ዝርያዎች በችግኝ መልክ ተባዝተው ወደ ጫካው ተመልሰው ሲተከሉ፣ ቦታውን ከመውሰዳቸውም በላይ ከነባሮቹ ጋር ይዳቀላሉ። አረቢካ የተባለው ይህ ቡና አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የአበባ ዱቄት የሚራባ ቢሆንም፣ በንብና በነፋስ አማካይነት ከሌላ ዛፍ ጋር የሚገናኘው ጥቂቱ ክፍል ከትውልድ ትውልድ እየተጠራቀመ የጫካውን ቡና ወደ ተመረጡት ጥቂት ዝርያዎች ሊያቀርበው ይችላል። ጫካው የሰጠው መድኃኒት ጫካውን መልሶ ሊያጠበው ይችላል ማለት ነው፤ ለዚህ ግን ምርት የጨመረለትን ችግኝ የተከለው ገበሬ ሊወቀስ አይገባም።

«ታዲያ የዘረመል ባንክ ምን ይሠራል?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። የጤፍና የስንዴ ዘር ደርቆ በብርድ ክፍል ለዘመናት ሊቆይ ይችላል፤ የቡና ፍሬ ግን በዚያ መንገድ ሲቀመጥ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። በዚህ ምክንያት በጅማ አቅራቢያ በጮጬ የሚገኘው የቡና ባንክ ከተለያዩ አካባቢዎች የተሰበሰቡ ከ5,000 በላይ ናሙናዎችን የሚይዘው በሕይወት ባሉ ዛፎች መልክ፣ በማሳ ላይ ነው። ይህ ትልቅ ሀብት ቢሆንም ማሳ እንደመሆኑ ለበሽታና ለድርቅ የተጋለጠ ነው፤ ከዚህም ሌላ እዚያ ያሉት ዛፎች ተመርጠው የተተከሉና የሚጠበቁ ስለሆኑ፣ በጫካ ውስጥ በየትውልዱ የሚካሄደው ከአየር ንብረት ጋር የመላመድ ሂደት በእነሱ ላይ አይቀጥልም። በ2012 የታተመ ጥናት በከፋው ግምት መሠረት እስከ 2080 ድረስ ለጫካ አረቢካ ተስማሚ የሆኑት ቦታዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ሊጠፉ እንደሚችሉ ካመለከተ በኋላ፣ ይህ ሂደት መቀጠሉ ከናሙናው ያልተናነሰ ዋጋ አለው።

በ2010 ከፋና ያዮ፣ በ2012 ደግሞ ሸካ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘገቡ፣ እያንዳንዳቸው ማንም የማይነካው እምብርት፣ በዙሪያው ውስን አገልግሎት የሚፈቀድበት ቀበቶና ከዚያ ውጭ የልማት ቀጠና እንዲኖራቸው ተደርጎ ነው። ክፍፍሉ መልካም ነው፤ ሥራው ያለው ግን ቡና በሚለቀምበት በመካከለኛው ቀበቶ ነው። በዚያ ስፍራ ክፍተት ለመሙላት የሚተከለው ችግኝ ከዚያው ጫካ፣ ተራርቀው ከቆሙ ብዙ እናት ዛፎች ከተለቀመ ዘር ቢፈላ፣ የተመረጡት ዝርያዎች ደግሞ ከጫካው ርቀው በጓሮና በእርሻ ቢወሰኑ፣ ምንጠራውም በየዓመቱ ሳይሆን በዙር ተካሂዶ የቀረሮ ቡቃያ ፋታ ቢያገኝ፣ አብዛኛው ጉዳት ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ምርት ያስቀራል፤ የቀረውን ምርት ዋጋ ዛሬ የሚከፍለው ገበሬው ብቻ ነው። በዱባይ መደርደሪያ ላይ ያለው ከረጢት ዝርያውን፣ ከፍታውንና የአስተጣጠቡን መንገድ እየዘረዘረ ዋጋውን ሲያስጨምር፣ ቡናው ከየትኛው አያያዝ እንደመጣ፣ ከጫካ ይሁን ከከፊል ጫካ ወይም ከእርሻ፣ የሚገልጽ መስመር አብዛኛውን ጊዜ አይገኝበትም፤ ገዢውም ስለማይጠይቅ ነጋዴው የሚጽፍበት ምክንያት የለውም።