ብሩ የት ያድራል?

በደህናው ዘመን፣ ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ፣ በማለዳ ደባርቅ የደረሰ ሰው ከተማዋን በግርግር ያገኛት ነበር። መኪኖች በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደጅ ቆመዋል። አስጎብኚው የእንግዶቹን ስም ያስመዘግባል። ስካውት የሚባለው የታጠቀ አጃቢ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይጠብቃል። ኩክ የሚባለው ምግብ አብሳይ ከገበያ የገዛውን ድንችና ሽንኩርት በጆንያ ከትቷል፤ እንቁላሉን ደግሞ እንዳይሰበር ጭድ መሃል ይደረድራል። ተራራ የሚወጡት እንግዶች ሁለት ናቸው። እነሱን ተከትሎ የሚንቀሳቀሰው የሀገሬው ሰው ግን አምስት ስድስት ይሆናል።

ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ናት። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከላሊበላ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ የሚወጣው ራስ ዳሽን፣ ዋልያው፣ ጭላዳው፣ ቀይ ቀበሮው የውጭውን ሰው ከሩቅ ይጠሩታል። ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ስትጠልቅ ያየ ሰው ለምን እንደሚመጡ አይጠይቅም። እዚህ ልጽፍ የፈለግሁት ግን ስለ ውበቱ አይደለም፤ ውበቱ አጠገብ ገብስ እየዘራ ስለሚኖረው ገበሬ ነው። ጎብኚ ሲመጣ ለእሱ ምን ይተርፈዋል?

የቱሪዝም ጥቅም በሪፖርት ሲቀርብ ሁለት ቁጥሮች ይነገራሉ፦ ስንት ጎብኚ መጣ፣ ስንት ብር ተገኘ። ሁለቱም ለአንድ የተራራ ወረዳ ብዙም አይነግሩም። ለወረዳው የሚበጀው ጥያቄ፣ የተከፈለው ብር ማታ የት ያድራል የሚለው ነው።

እስቲ ብሩን እንከተለው። የውጭ ጎብኚ የጉዞውን ዋጋ በአብዛኛው ከቤቱ ሳይወጣ ከፍሎ ይጨርሳል። ከዚያ ውስጥ አንዱ ትልቅ ድርሻ የአውሮፕላን ትኬት ነው። ቀጥሎ የአስጎብኚው ድርጅት ድርሻ አለ፤ ድርጅቱ አዲስ አበባ፣ አንዳንዴም ባሕር ማዶ ነው ያለው። የመኪናው ኪራይና ነዳጁም ከወረዳው ውጭ የሚቀር ነው። የፓርኩ መግቢያ ክፍያ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል። ድንኳኑ፣ የመኝታ ከረጢቱ፣ ፓስታውና የታሸገው ምግብ ተጭነው የሚመጡት ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ነው። ይህ ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረው ነው ደባርቅ የሚደርሰው፦ የአስጎብኚው፣ የስካውቱ፣ የኩኩና የባለ በቅሎው የቀን አበል፣ የሎጁ ሠራተኛ ደመወዝ፣ የገበያው አትክልት፣ የበግ ዋጋ፣ ከበግ ጸጉር ተሠርቶ በመንገድ ዳር የሚሸጠው ቆብ።

የደረሰው ብር ደግሞ ሁሉም አይቆይም። ባለ በቅሎው በአበሉ ዘይት፣ ስኳርና የላስቲክ ጫማ ከሱቅ ቢገዛ፣ ባለ ሱቁ ትንሽ ትርፍ ይዞ ቀሪውን ዕቃ ላስጫነበት ከተማ ይልከዋል። በዚያው አበል ከጎረቤቱ ገብስ ቢገዛ ግን ነገሩ ይለያል። ጎረቤትየው በገብሱ ዋጋ ቀጥቃጩ ዘንድ ማረሻውን ያስተካክላል፤ ቀጥቃጩ ከጠላ ሻጯ ቤት ጎራ ይላል፤ ጠላ ሻጯ ጌሾና እንጨት ከገበያ ትገዛለች። ያው አንድ ብር አራት ቤት አደረ ማለት ነው። ለሱቅ ዕቃ የወጣው ብር ግን የሚያፈስ እንስራ ውስጥ እንደተቀዳ ውኃ ነው። ስለዚህ ከጎብኚው ቁጥር ይልቅ ኩኩ እንቁላሉንና ድንቹን ከየት ገዛ የሚለው ለወረዳው ትልቅ ጉዳይ ነው። በጎንደር ሱፐርማርኬት የተሸመተ ስንቅና ከደባርቅ ጉሊት የተሸመተ ስንቅ ለጎብኚው ሆድ አንድ ናቸው፤ ለወረዳው ግን አንድ አይደሉም።

ከሁሉም ሥራዎች ሰፊውን ሕዝብ የሚነካው የበቅሎ ሥራ ነው። አስጎብኚ ለመሆን ቋንቋና ሥልጠና ይጠይቃል፤ ሎጅ ለመሥራት ካፒታል። በቅሎ ያለው ገበሬ ግን ማንበብ ባይችልም በማኅበር ተመዝግቦ ተራ መያዝ ይችላል። ተራው ሲደርስ ኮርቻና መጫኛውን ይዞ ይወርዳል፣ ጭነቱን አመጣጥኖ ያስራል፣ በፓርኩ ውስጥ ባሉት ማደሪያዎች፣ ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ፣ ከበቅሎው ኋላ ይሄዳል። ሲጨርስ ገንዘቡን በእጁ ይቀበላል። ባለ በቅሎ የበዛበት ቀበሌ ላይ ተራ በየሳምንቱ አትደርስም፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ልትደርስ ትችላለች። ነገር ግን ያቺ ጥሬ ገንዘብ ለልጅ ደብተርና ዩኒፎርም ትሆናለች፣ ያለ እሷ መሸጥ የነበረባትን በግም ታስቀራለች። እዚህ ላይ ሳይነገር የሚታለፍ ነገር አለ፦ በቅሎ ራሷ ሀብት ናት። በቅሎ የሌለው ድሃ፣ ባሏ የሞተባትም ሴት፣ ተራ የላቸውም። ለነሱ የቀረው ቆብ መሥራት፣ እንጀራ መጋገርና ጠላ መጥመቅ ነው። ጎብኚ በበዛ ቁጥር በጎረቤታሞች መካከል ያለው ልዩነትም ሊሰፋ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ሌላው ወሳኝ ነገር የአዳር ቁጥር ነው። አራት ሌሊት ተራራ ላይ ያደረ ጎብኚ በቅሎም፣ ኩክም፣ ስካውትም ለዚያው ያህል ቀን ይቀጥራል። በመኪና ጨነቅ ድረስ ሄዶ፣ ጭላዳና ዋልያ ፎቶ አንስቶ፣ ማታውኑ ጎንደር የሚገባው ጎብኚም በመዝገብ ላይ አንድ ሰው ተብሎ ይቆጠራል። በቅሎ ግን አላስጫነም። በፓርኩ መሃል የሚያልፈው የመኪና መንገድ ለጃናሞራና ለበየዳ ወረዳዎች ገበሬ ሕይወት ነው፤ ታማሚ የሚደርሰው፣ ማዳበሪያ የሚገባው በሱ ነው። ለባለ በቅሎው ግን ያው መንገድ ተራውን አሳጥሮበታል። በሁለቱ መካከል ፍርድ መስጠት አልፈልግም፤ መንገዱ ይቅር የሚል ሰው በምጥ የተያዘች ሴት በቃሬዛ ስትወርድ አላየም። አዳሩን ማስረዘም የሚቻልበት ሌላ ብልሃት መፈለግ ግን የግድ ነው። በየመንደሩ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚያስተዳድራቸው የእንግዳ ማረፊያዎች የታሰቡትም ለዚህ ነበር።

የወቅቱ ነገር ደግሞ አለ። ጎብኚ የሚበዛው ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲለመልም፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ ነው። ለገበሬው ይህ ወቅት ገብስ የሚታጨድበትና የሚወቃበት ነው። ባለ በቅሎው አውድማ ላይ እህሉን ትቶ ተራውን መያዝ፣ ወይም ተራውን አሳልፎ እህሉን ማስገባት አለበት፤ በቤቱ ሌላ ጉልበት ከሌለ አንዱን ያጣል። በሌላ በኩል ጎተራው የሚራቆተው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ጉምና ዝናቡ ተራራውን ሲሸፍነው እንግዳ የለም። የቱሪስት ገንዘብ የሚመጣው እህል ሳለ፣ የሚጠፋው እህል ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ከጥቅምቱ አበል ላይ ጥቂቱን ለሐምሌ የሚያቆይ የቁጠባና ብድር ማኅበር ከብዙ ማስታወቂያ ይበልጥ ለዚህ ሕዝብ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ወጪም አለ፤ ወጪውን የሚከፍለው ደግሞ ገቢውን ያገኘው ሰው ላይሆን ይችላል። ጭላዳ መንጋውን ይዞ ገብስ ማሳ ውስጥ ሲገባ ልጆች ከትምህርት ቀርተው ይጠብቃሉ። ነብር በግ ይወስዳል። ከብት በፓርኩ ክልል እንዳይሰማራ ይከለከላል። ከሁሉም የከበደው የግጭ ሰዎች የከፈሉት ነው። ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ነበር፤ እርሻና ግጦሽ ዋልያውን አጣበውት ነበርና። ከዚያ መዝገብ ለመውጣት ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ በፓርኩ እምብርት የነበረችውን የግጭን መንደር ማንሳት ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራዎች ካሣና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ወረዱ። በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

ይህ ለዋልያው ታስቦ የተደረገ ነበር። ለገበሬው ግን ሂሳቡን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። መሬት በየዓመቱ ያፈራል፤ ካሣ አንዴ ይሰጣል። ቤት ሲሠራበት፣ ልጅ ሲዳርበት፣ እህል ሲሸመትበት ያልቃል። ገብስና በግ ይዞ የኖረ ሰው ከተማ ሲገባ ለእንጨትም ለውኃም ይከፍላል። የቱሪዝሙን ገቢ የሚያሰላ ሁሉ ይህንን በወጪው ዓምድ መጻፍ አለበት፤ ያለዚያ ሂሳቡ ጎደሎ ነው። ዋልያው ተረፈልን ስንል በማን መሬት እንደተረፈ መርሳት ነውር ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ዓመቶቹ ተከታትለው ከፉ። በ2011 ዓ.ም. የበልግ ወራት እሳት የፓርኩን ጓሳ ሣርና የአስታ ዛፍ በላ፤ ለማጥፋት ከውጭ ሀገር ሳይቀር ባለሙያ መጣ። በመጋቢት 2012 ኮሮና ገባና የጎብኚዎች ጉዞ ቆመ። በጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ፤ ውጊያው እስከ ጎረቤቷ ዳባት አካባቢ ደረሰ፣ ደባርቅም በጎብኚ ፋንታ ተፈናቃይ ተቀበለች። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የውጭ መንግሥታት ዜጎቻቸውን ወደ አካባቢው አትሂዱ ሲሉ አስጎብኚ ድርጅቶች ደግሞ ጉዞውን ይሰርዛሉ። ተራራው አልተንቀሳቀሰም፤ ዋልያውም እዚያው አለ። ሳይመጣ የቀረው ብሩ ነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ ማን እንደሚጎዳ ማየት ብዙ ያስተምራል። ሥራውን ሁሉ በጎብኚ ላይ የጣለው ወጣት አስጎብኚ፣ ተበድሮ ፔንሲዮን የሠራው ነጋዴ፣ መሬቱን ለቆ ከተማ የገባው አባወራ መመለሻ የላቸውም። ባለ በቅሎውም ገቢው ቀርቶበታል፤ ጉዳቱም ቀላል አይደለም። ግን ገብሱን አልተወም፣ በጎቹም አሉ። የእንግዳ ድንኳን ትጭን የነበረችው በቅሎ ቅዳሜ እህል ጭና ወደ ገበያ ትወርዳለች፣ ሰኞ ወፍጮ ቤት ደጅ ቆማ ተራዋን ትጠብቃለች።