የጀርባ ቦርሳ ሳትሞሉት አትግዙ

አምና ጥቅምት ላይ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ የ14 ዓመቱን የልጅ ልጄን ዳቦ ገዝቶ እንዲመጣ ላክሁት። የግቢያችን የብረት በር ከባድ ነው፤ በሁለት እጅ ካልተገፋ አይከፈትም። እኔ በረንዳ ላይ ሽንኩርት እየከተፍኩ ከኋላው አየዋለሁ። በሩን ሲገፋ በስስ ካናቴራው ሥር የቀኝ ትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት እንደ ዶሮ ክንፍ ብድግ ብሎ ወጣ። የግራው ግን ቦታው ላይ ነው።

ጠርቼ መለስኩትና ግድግዳውን በሁለት እጁ እንዲገፋ አደረግሁት። እንደገና ወጣ። ቀኝ እጁን ወደ ቁም ሳጥኑ አናት እንዲዘረጋ ብነግረው ከጆሮው በላይ አልሄድ አለው። ቢላዋዬን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ።

ልጁ እኮ ከሁለት ሳምንት በፊት ነግሮኝ ነበር። "እማማ፣ ጣቶቼን ያደነዝዘኛል" ሲለኝ፣ "ስልክ ስለምታበዛ ነው" ብዬ ትከሻውን በቪክስ አሽቼ አሰናበትኩት። 34 ዓመት በነርስነት የሠራሁ ሰው ነኝ። የሰው ልጅ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ "ምን ተሸክመህ ነበር?" ብዬ እጠይቀው ነበር።

የተሸከመው ደግሞ እኔው ራሴ የሞላሁትን ነው። አሜሪካ የምትኖረው አክስቱ በክረምት ስትመጣ ባለ 60 ሊትር የጀርባ ቦርሳ አምጥታለት ነበር። ያማረ ቦርሳ ነው፤ ኪሱ ብቻ ተቆጥሮ አያልቅም። መስከረም መጨረሻ ላይ ቤተሰቡ ተሰብስቦ በአምቦና በወሊሶ መካከል ወደሚገኘው ወንጪ ሐይቅ ሲሄድ "የሱ ቦርሳ ሰፊ ነው" ተባለና የሁላችንም ዕቃ እሱ ውስጥ ገባ። የአምስት ሰው ውሃ፣ የኔ ጋቢ፣ ምሳው፣ ሙዙ፣ የእናቱ መቀየሪያ ጫማ፣ ጃንጥላው ሳይቀር። ባዶ ቦርሳው ብቻውን 2 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። በኋላ ተቀምጬ ስደምረው ሸክሙ ከ11 ኪሎ አያንስም። ልጁ የሚመዝነው 44 ኪሎ ነው። የራሱን ሩብ ተሸክሞ ወደ ሐይቁ ወረደ፣ ተመልሶም ሽቅብ ወጣ። "ፈረስ እንከራይልህ" ብንለው "እኔ ሯጭ ነኝ" አለን።

የወገቡ ቀበቶ ለትልቅ ሰው የተሠራ ስለሆነ ቀጭን ወገቡ ላይ አልጠበቀለትም፤ ፈትቶ ተወው። ስለዚህ ክብደቱ ሁሉ ትከሻው ላይ ወደቀ። መንገዱን በከፊል ደግሞ እንደ ዘመኑ ልጆች በቀኝ ትከሻው ብቻ ነው ያንጠለጠለው።

የነርቭ ሐኪሙ ብዙም አልተገረመም። ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች በአንገትና በትከሻ መካከል ባለው ስርጉድ ቦታ ያልፋሉ። ከባድ ሸክም የያዘ ማንገቻ እዚያ ላይ ለሰዓታት ሲጫን ይጎዳሉ። ከነሱ አንዱ፣ ጠፍጣፋውን የትከሻ አጥንት ከጎድን ጋር አጣብቆ የሚይዘውን ጡንቻ የሚያዝ ነው፤ እሱ ሲደክም አጥንቱ ክንፍ ያወጣል። ረጅም ጉዞ ከነስንቃቸው በሚጓዙ ወታደሮች ዘንድ የታወቀ ጉዳት ነው። መድኃኒቱ ሸክም መተው፣ ማሳረፍና ፊዚዮቴራፒ ነው። አብዛኛው ሰው ይድናል፣ ግን በሳምንት አይደለም። የኛው እስከ የካቲት ፈጅቶበታል። በነዚያ ወራት ፀጉሩን ለማበጠር ቀኝ ክርኑን በግራ እጁ ደግፎ ሲያነሣ እያየሁ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሐኪሙ "ስፖርቱን አትከልክሉት፤ ቦርሳውን ቀይሩለት" አለን። ልጁ ሦስት ነገር ይወዳል፤ እንጦጦ ላይ መሮጥ፣ ከጓደኞቹ ጋር ተራራ መጓዝና ዓለት ላይ መውጣት። ለሦስቱ ሦስት ቦርሳ የምንገዛበት አቅም የለንም። አንዱ ለሁሉም ይሆናል ወይ ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት እንዲህ ነው።

ይሆናል፤ ትንሽ ከሆነ። ከ18 እስከ 20 ሊትር የሚይዝ፣ ባዶው ከ600 ግራም የማይበልጥ ቦርሳ ለቀን ጉዞ ይበቃል። ትልቅ ቦርሳ ሲገዛ "ባይሞላስ ምናለበት?" ይባላል። ይሞላል! ቦታ ካለ እናት አንድ ነገር ትጨምራለች፣ አያት ደግሞ ሁለት። መርካቶ ውስጥ አንድ ነጋዴ ትልቁን እያሳየኝ "ማዘር፣ ይሄ እኮ ሁሉን ይይዛል" ሲለኝ "ሁሉን የሚይዝማ ቤት አለን" ብዬው ሁለታችንም ሳቅን።

ሱቅ ስንሄድ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ሁለት ይዘን እንሄድ ነበር። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነውና አራት ኪሎ ማለት ነው። ለልጅ ከሰውነቱ ክብደት ከአሥር አንድ እጅ ገደማ የሚሆን ሸክም በቂው ነው የሚለውን ልኬት ስለያዝኩ፣ አራት ኪሎ ለሱ ልክ ነው። ጠርሙሶቹን ቦርሳው ውስጥ ከትተን፣ በሹራብ አጣብቀን ያዝለዋል። ከዚያ የሕንፃውን ደረጃ ወጥቶ ይወርዳል፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ይዘረጋል፣ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል፣ አሥር ጊዜ ይዘላል። ባዶ ቦርሳ ማንም ጀርባ ላይ ያምራል፤ ጠባዩ የሚታወቀው ሲሞላ ነው። አንዳንዱ ነጋዴ ተቆጣ፣ አንዳንዱ ጓደኞቹን ጠርቶ አብሮ አየ። በአምስተኛው ሱቅ ገዛን። ዋጋውን አልጽፍም፤ ጋዜጣው እስኪታተም ይለወጣል።

ርዝመቱን በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩ። ልጁ አንገቱን ሲደፋ ከአንገቱ ሥር ጎልታ የምትወጣ አጥንት አለች፤ ከሷ ጀምራችሁ በአከርካሪው ላይ እስከ ዳሌው አጥንት አናት ድረስ። የዳሌው አናት የት እንደሆነ ለማወቅ ሁለት እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጉ፤ አውራ ጣታችሁ የሚያርፍበት ጠርዝ ነው። እኛ ነርሶች መርፌ የምንወጋበትን ቦታ የምንለየው በዚሁ አጥንት ነው። ቦርሳው ከዚያ በታች ወርዶ መቀመጫውን የሚመታ ከሆነ ረዝሟል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ልግዛ ሲላችሁም ዕድሜውን ሳይሆን ይህን ልኬት በሴንቲሜትር ላኩለት። የኛን ስጦታ ያበላሸው የአክስቱ ፍቅር አይደለም፣ አለመለካታችን ነው።

የወገብ ቀበቶ የሚጠቅመው አጥንቱ ላይ ሲያርፍ ነው። ሆድ ላይ ከታሰረ ትንፋሽ ከመከልከል በቀር ሥራ የለውም። በትናንሾቹ ቦርሳዎች ላይ ቀበቶው ቀጭን ነው፤ ቦርሳው እንዳይወዛወዝ ይይዛል እንጂ ክብደት አይሸከምም። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነቱ ላይ ለትልቅ ሰውም ቢሆን ከአምስት ኪሎ በላይ አልጭንም። የደረቱ ማሰሪያ ከፍና ዝቅ የሚል ይሁን፤ ለሴት ልጆች በተለይ። ጥልቅ ትንፋሽ ስቦ ካስጨነቀው ይላላለት። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ላይ ትንፋሽ የሚቀማ ማሰሪያ አያስፈልግም።

ሩጫን በተመለከተ የኔ ሐሳብ ቁርጥ ነው። ከአንድ ሰዓት ላነሰ ሩጫ ምንም አይያዝ፤ ቤት ጠጥቶ ይውጣ። ታላቁ ሩጫን 10 ኪሎ ሜትር ቦርሳ አዝለው የሚሮጡ ወጣቶች አያለሁ፤ መንገድ ላይ ውሃ እየተሰጠ ምን እንደያዙ እግዜር ይወቀው። ረዘም ላለ የተራራ ሩጫ ግን ቦርሳው ጀርባ ላይ ተጣብቆ መቆም አለበት። በጎንና በጎን የሚጎተቱ ማጥበቂያዎች ያሉት ይመረጣል፤ ዕቃው ሲቀንስ ቦርሳውም አብሮ ይሰበሰባል። ውሃውን በጀርባ በኩል፣ ከትከሻዎቹ መሃል አድርጉት፤ በሶውና ዳቦ ቆሎው ወደ ውጭ።

ዓለት ላይ ቦርሳ ምን እንደሚያደርግ ያየሁት በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ትግራይ፣ ገርዓልታ ሄደን ነበር። የአቡነ ይምዓታን ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ጫማ አውልቆ ቀጥ ያለውን ዓለት በእጅና በእግር እየቆነጠጡ መውጣት ነው። እኔ መሃል ደርሼ ተመለስኩ፣ አላፍርበትም። ከኛ አንዷ የጎን ኪሶቹ ያበጡ ሰፊ ቦርሳ አዝላ ነበር፤ ኪሱ ከዓለቱ ጋር እየተሻሸ በየእርምጃው ወደ ጎን ይገፋት ነበር። አስጎብኚው ተቀበላትና እሱ ይዞላት ወጣ። ለዓለት ጠባብ፣ ከትከሻ ስፋት የማይወጣ፣ ውጭ የሚንጠለጠል ኩባያም ገመድም የሌለው ቦርሳ ነው የሚሻለው። ቀና ሲሉም አናቱ ማጅራትን መግፋት የለበትም፤ ሱቅ ውስጥ ጣሪያ አስያለሁ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ቀላል ቦርሳ ጣጣ የለውም አልልም። ጨርቁ ስስ ነው፣ ድንጋይ ይበላዋል። በትናንሽ አራት ማዕዘን የተሸመነ ናይሎን ቢቀደድም ቶሎ አይተረተርም፤ ከሥሩ ወፈር ያለ ጨርቅ ከተደረገበት ይበልጥ ይቆያል። ማንገቻው ከቦርሳው የሚገናኝበትን ስፌት ወደ ውስጥ ገልብጣችሁ እዩት፤ ነጠላ ስፌት ከሆነ ጫማ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ አስደግሙት። ሰልባጅ ተራም ጥሩ ቦርሳ ይገኛል፤ ዚፑንና የማንገቻውን ስፖንጅ ብቻ አጥብቃችሁ መርምሩ። ተጨፍልቆ የማይመለስ ስፖንጅ ገመድ ነው በሉት።

"ውሃ አያስገባም" የሚለውን አትመኑ። ጨርቁ ባያስገባ በስፌቱና በዚፑ ይገባል። ከስኳር ማዳበሪያ ውስጥ የሚወጣውን ወፍራም ላስቲክ አጥባችሁ አድርቃችሁ ውስጡ አድርጉ፤ ደረቅ ልብስ እዚያ ውስጥ። ላብ ያጠመቀው ልጅ ተራራ አናት ላይ ዝናብና ንፋስ ሲመታው ቅዝቃዜው ቀልድ አይደለም።

ለኛ ለአያቶችም አንድ ሁለት ነገር። ቁልቁለት ላይ ሁለት እጅ ነፃ መሆኑ ከመውደቅ ያድናልና በእጅ ከሚንጠለጠል ቦርሳ የጀርባው ይሻለናል። ትከሻ የሚይዘው ሰው ቦርሳውን አጥር ወይም ወንበር ላይ አስቀምጦ ጀርባውን አዙሮ ይልበሰው እንጂ እየወረወረ አያዝል። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ካለ ማንገቻው ያንን ቦታ እንዳይጫን ሐኪሙን ይጠይቅ። የልጆቹን ጣት መደንዘዝም በቪክስ አትለፉት።

አሁን ልጁ ድኗል። ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ከመሄዳችን በፊት ጤና ጣቢያ ሕፃናትን እንመዝን እንደነበረው እመዝነዋለሁ፤ መጀመሪያ ቦርሳውን አዝሎ፣ ከዚያ አውርዶ፣ ልዩነቱ ሸክሙ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ ተኩል ሆነና ዚፑን ከፍቶ አንድ በአንድ ያወጣ ጀመር። ከሥር ጃንጥላዬ ተገኘ።

"እማማ፣ ይሄን ማን ከተተው?"

ዝም አልኩ።

"ራስሽ ያዢዋ!"

ይዤ ወጣሁ።