ሐሳብን በማስረጃ የማረም ልማድና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የወደፊት አመለካከት

በአዲስ አበባ ላንቻ በተባለው ሠፈር ያደገ ተማሪ የሠፈሩ ስም ከየት እንደ መጣ ቢጠየቅ መልሱ ሩቅ አይሆንበትም፤ ላንቻ የጣሊያን መኪና ፋብሪካ ስም ነውና ሠፈሩም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው ይላል። ክብደት ያለው ግን ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «መልስህ ስሕተት መሆኑን ለመቀበል ምን ዓይነት ማስረጃ ይበቃሃል?» የሚለው ነው። የድሮ ካርታን፣ የማዘጋጃ ቤት መዝገብን፣ የሠፈሩን አረጋውያን ቃል የሚጠቅስ ተማሪ ማሰብ ጀምሯል። «ሁሉም እንዲህ ይላል» ብሎ የሚያበቃው ግን መልሱ ትክክል ቢሆን እንኳ ገና አላሰበም።

የሥነ ልቦና ምሁሩ ጆናታን ባሮን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጻፋቸው መጻሕፍት ይህን ልማድ ለይቶ አስረድቷል። ሰው በተፈጥሮው የወደደውን ሐሳብ የሚደግፈውን ማስረጃ ብቻ መሰብሰብ ይቀናዋል፤ ሰፊ አስተሳሰብ የሚባለው ግን የሚቃረነውንም ሆን ብሎ ፈልጎ ተገቢውን ክብደት መስጠት ነው። ኪት ስታኖቪችና ሪቻርድ ዌስት እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት ይህ ዝንባሌ በመጠይቅ ሊለካ እንደሚችል፣ ክርክርን በመመዘን ረገድም ከአእምሮ ችሎታ የተለየ የራሱ ድርሻ እንዳለው አሳይተዋል። ስለሆነም በክፍሉ አንደኛ የሚወጣው ሁሉ ሰፊ አሳቢ ነው ማለት አይቻልም። ይህን መምህራን ከልምዳቸው ያውቁታል።

የወደፊት አመለካከትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ስለ ነገ ማሰብ ገና ያልሆነውን ነገር በአንድ መልክ ብቻ ሳይሆን በብዙ መልክ መገመት ነውና። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 30,000 ያህል፣ ማለትም 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ መንገድ ብቻ የተነገረው ወጣት በዚህ ዓይነት ውጤት ፊት ሌላ አማራጭ ለመመርመር ምንም ልምምድ የለውም። ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባውም ቢሆን ያለፈው ከተሰጡት መልሶች አንዱን በመምረጥ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ሲመለስ የሥነ አመክንዮና የሒሳዊ አስተሳሰብ ትምህርት አብሮ መግባቱ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ስለ ማስረጃ የተማረው ተማሪ በምርጫ ጥያቄ ከተፈተነ ትምህርቱ ራሱን ያፈርሳል። በዚህ ረገድ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የአንድ ዓመት አገልግሎት ሊታወስ ይገባዋል። ተማሪዎቹ፣ አብዛኞቹ በመምህርነት፣ ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ሄደው ስለ ገጠሩ የያዙትን ግምት ከሚያዩት ኑሮ ጋር ለማስተያየት ይገደዱ ነበር።

አሁን ያን ያህል ወጪ ሳይጠየቅ በየክፍሉ ሊጀመር የሚችል ነገር አለ። በእያንዳንዱ ፈተና ቢያንስ አንድ ጥያቄ ተማሪው መልሱን ሊያስለውጠው የሚችለውን ማስረጃ እንዲጽፍ የሚጠይቅ ይሁን። እርማቱ ጊዜ ይወስዳል፤ 60 ተማሪ ላለው ክፍል ይህ ቀላል ሸክም ስላልሆነ የትምህርት ፕላን አውጪዎች የመምህሩን የሥራ ሰዓት ሲደለድሉ ከወዲሁ ሊያስቡበት ይገባል።