የአንበሶቹን ቀለብ ማን ይክፈል?

በ1999 ዓ.ም. ኅዳር ወር ከአዲስ አበባ የወጣ አንድ ዜና ዓለምን አዳረሰ። የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ ማኖሪያ ቦታና መቀለቢያ ገንዘብ ስላጠረው ደቦሎቹን በመርዝ እየገደለ፣ በድናቸውን አድርቀው ለጌጥ ለሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ይሸጥ ነበር። በጊዜው እንደተዘገበው፣ ግቢው ከመግቢያ ክፍያ በወር 5,000 ዶላር ገደማ ያገኝ ነበር። ከዚህ ውስጥ 4,000 ዶላር ያህሉ ለአንበሶቹ ምግብ ይውላል። ጦጣውም፣ ጥንቸሉም፣ ሌላውም ወጪ በተረፈው መሸፈን ነበረበት።

ለእንስሳት ማቆያ ከሕዝብ ካዝና ገንዘብ መመደብ ይገባል ወይ ለሚለው ክርክር ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ብዙዎቻችን ያኔ ያዘንነው በጭካኔው ነው፤ ማዘናችንም ልክ ነው። ጭካኔውን ያመጣው ግን የሒሳቡ አሠራር ነበር። አሠራሩ ሳይለወጥ ኃላፊ ቢለዋወጥ ውጤቱ ያው ነው።

ወጪውን እንመልከት። አንድ ጎልማሳ አንበሳ በቀን ከ5 እስከ 7 ኪሎ ሥጋ ይፈልጋል። 15 አንበሶች በአማካይ 6 ኪሎ ቢበሉ በቀን 90፣ በዓመት 32,850 ኪሎ ይሆናል። አጥንት የበዛበት ሥጋ በጅምላ ቢገዛ እንኳ የወጪውን ክብደት አንባቢ የሰፈሩን ሥጋ ቤት ዋጋ አስቦ ሊገምተው ይችላል። ይህ ወጪ የከብት ገበያውን እየተከተለ ይንራል፤ በቢሮ ውሳኔ የሚተመነው የመግቢያ ዋጋ ግን ሁልጊዜ ኋላ ይቀራል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ የእንስሳት መድኃኒት የሚጠይቀው ብርም ጨምሯል። ክረምት ገብቶ ጎብኚ ሲሳሳ ደግሞ ቀለቡ አይቀንስም።

ከሁሉ የሚከፋው የደቦሉ ሒሳብ ነው። ላም ያረባ ገበሬ ጥጃ ሲወለድለት ሀብቱ ይጨምራል። ትኬት እየሸጠ በሚኖር አንበሳ ግቢ ግን እያንዳንዱ ደቦል አዲስ ወጪ እንጂ አዲስ ገቢ አይደለም፤ አሥር አንበሳ ሊያይ የመጣ ጎብኚ አሥራ አንደኛው ስለተጨመረ ተጨማሪ ብር አይከፍልም። ስለዚህ በትኬት ብቻ የሚተዳደር ግቢ፣ ኃላፊዎቹ የቱንም ያህል እንስሳ ወዳድ ቢሆኑ፣ ደቦሉን እንደ ሸክም እንዲያይ ይገደዳል። ለዝርያው ህልውና ግን ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

የዝርያው ነገር ደግሞ ቀላል አይደለም። ግቢውን እ.ኤ.አ. በ1948 ያቋቋሙት አፄ ኃይለ ሥላሴ ሲሆኑ፣ መንጋው የተጀመረው በሰባት አንበሶች እንደሆነ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከጀርመኑ ማክስ ፕላንክ ኢንስቲትዩትና ከእንግሊዙ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ከመንጋው የ15 አንበሶችን ዘረ መል መርምረው፣ ጥቁር ጎፈር ያላቸው እነዚህ አንበሶች ካነጻጸሯቸው ከሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳተሙ። ዝርያው እንዲጠበቅ፣ እርባታውም በዕቅድ እንዲመራ መከሩ።

ይህ የዘር ሐረግ ቢጠፋ የሚጎዳው ትኬት የቆረጠ ሰው ብቻ አይደለም። ስድስት ኪሎን አይቶ የማያውቀው የጎንደርም ሆነ የአርባ ምንጭ ነዋሪ፣ ገና ያልተወለደውም ይጎዳል። ከእነዚህ ሰዎች የመግቢያ ዋጋ መሰብሰብ አይቻልም። ማንም ለብቻው የማይከፍልበት፣ ሁሉም ግን የሚጠቀምበት ነገር በጀት የሚመደብለት ለዚሁ ነው።

ውኃ በፈረቃ በሚያገኝ፣ ተማሪዎቹን በበጀት በሚመግብ ከተማ ለአንበሳ ሥጋ መግዛት ያሳፍራል የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ክብደት አለው። በጀት ውስን ነው፤ ለአንበሳ የወጣ ብር ለቧንቧ አይውልም። ስለዚህ የሕዝብ ገንዘብ ለሁሉም ወጪ ይዋል አልልም። የቅዳሜና እሁድ መዝናኛውን ተዝናኙ ይክፈል። በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክ ሲጀምር መደበኛ መግቢያው 200 ብር ነበር፤ ነዋሪው ለሚወደው ቦታ እንደሚከፍል አሳይቷል። ከክፍያው ነፃ መሆን ያለባቸው በትምህርት ቤት በኩል የሚመጡ ተማሪዎች ናቸው። የቀረው፣ ማለትም የዝርያው ጥበቃ፣ ሕክምናውና ምርምሩ፣ የበጀት ድርሻ ነው።

ሌሎች ከተሞችም ይህን መንገድ ሄደውበታል። የአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1916 ለእንስሳት ማቆያቸው የንብረት ግብር ለመክፈል በድምፅ ወሰኑ፤ ዛሬም መግቢያው ነፃ ነው። የእኛ ደቦሎች ዜና በተሰማበት እ.ኤ.አ. በ2006 የዲትሮይቱ ማቆያ በበጀት እጦት ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሦስት አውራጃ መራጮች ልዩ ግብር አጽድቀውለታል። እኔን የሚማርከኝ የግብሩ መጠን ሳይሆን ከፋዩ መጠየቁ ነው።

ያለ ግዴታ የሚሰጥ ድጎማ ግን ሥጋ ገዝቶ ያልቃል። በጀቱ ሲፈቀድ የእያንዳንዱ አንበሳ የዘር መዝገብ ይያዝ፤ የዘር መቀራረብን የሚቆጣጠርና ቦታ ሳይዘጋጅ ደቦል እንዳይወለድ የሚያደርግ የእርባታ ዕቅድ ይኑር፤ ገቢና ወጪው በየዓመቱ ለሕዝብ ይታተም። ይህን የማያሟላ ማቆያ የሕዝብ ገንዘብ አይገባውም፤ የሚያሟላው ግን ይገባዋል።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የአዲስ አበባ ምክር ቤት አባላት፣ አንበሶቹ በየትኛውም ግቢ ይኑሩ፣ ለዝርያ ጥበቃቸው ከመናፈሻ አስተዳደር ወጪ የተለየ የበጀት መደብ ክፈቱላቸው። ከትኬት ሽያጭም አላቅቋቸው።