ከሹፌሩ ወንበር ሥር

መስቀል ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ አገር የሚወስዱት ሁለቱ መንገዶች በመኪና ይጨናነቃሉ፤ አንዱ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አድርጎ ወልቂጤ ይደርሳል፣ ሌላው ከዓለም ገና ታጥፎ በጢያ በኩል ቡታጅራ ይገባል። ለጉዞው የሚሰናዳ ባለመኪና ዘይት ይቀይራል፣ ጎማ ያስነፋል፣ ፍሬን ያሳያል። ወንበሩን የሚፈትሽ ግን ጥቂት ነው። ከወልቂጤ አልፎ የጊቤን በረሃ ወርዶ መውጣት ላለበት ሹፌር ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። በደንብ ያልተቆለፈ ወንበር ዳገት ላይ ወደ ኋላ ሸሽቶ እግርን ከፍሪሲዮንና ከፍሬን ያርቃል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ደረትን መሪው ላይ ያሳርፋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወንበሩ ግራና ቀኝ በተዘረጉ ሁለት የብረት ሐዲዶች ላይ ይቀመጣል። የእያንዳንዱ ሐዲድ የታችኛው ክፍል ፊትና ኋላ በብሎን ከወለሉ ጋር ታስሯል፤ የላይኛው ከወንበሩ ጋር ሆኖ በትናንሽ ኳሶች ላይ ይንሸራተታል። ከፊት ያለውን ማንሻ ሲስቡት በሁለቱም ሐዲዶች ያሉት መቆለፊያዎች ከጥርሳቸው ይወጣሉ፤ ሲለቁት ሞላ መልሶ ያስገባቸዋል። ሁለቱም መግባት አለባቸው። አንዱ ገብቶ ሌላው ከቀረ ወንበሩ የቆመ ይመስላል፣ ነገር ግን ጠንከር ያለ ፍሬን ሲያዝ ይጣመማል ወይም ያመልጣል።

ስለዚህ ፍተሻው የሚጀምረው ቁልፍ ከማንሳት በፊት፣ በእጅ ባትሪ ነው። ወንበሩን እስከ ጥግ ወደ ኋላ ገፍቶ ሐዲዱን ማየት፣ ከዚያ ወደ ፊት ስቦ ከኋላ መቀመጫ በኩል ማየት። የወደቀ ሳንቲም፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ ቆሎ፣ የጫት ገረባ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከገጠሩ ጠጠር መንገድ የገባ አቧራ ከአሮጌ ግራሶ ጋር ተጋግሮ ይገኛል። ጎሚስታ ቤት ሄዶ ሐዲዱን በአየር ማስነፋት ግማሽ ሥራ ነው። የቀረውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በጨርቅ አጽድቶ ስስ ግራሶ መቀባት ይበቃል። ግራሶ ማብዛት አቧራ መጥራት ነው። ጽዳቱ ችግሩን ካልፈታው ማንሻውን ከመቆለፊያው የሚያገናኘው ሽቦ መላላቱን፣ ሞላው ከቦታው መውጣቱን ይመልከቱ።

ወንበሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳይሄድ ቆሞ የሚነቃነቅ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ብሎኖቹ ይዞራል። በብዙ ቶዮታዎች አራት ናቸው፣ በ14 ቁልፍ ይፈታሉ። በአብዛኞቹ አውቶሞቢሎች የደህንነት ቀበቶው የሚሰካበት መቆለፊያ የታሰረው በራሱ በወንበሩ ላይ ስለሆነ፣ ብሎኖቹ በግጭት ጊዜ ወንበሩን ብቻ ሳይሆን ሰውየውንም ይይዛሉ። አሜሪካኖች 207 ብለው የሚጠሩት ደንብ አንድ ወንበር የራሱን ክብደት 20 እጥፍ ጫና እንዲችል ያስገድዳል፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ወንበር 400 ኪሎ ያህል ማለት ነው።

ወንበሩን ማውረድ ካስፈለገ አንድ ጥንቃቄ አይዘለልም። ከሥሩ ቢጫ ሶኬት ከታየ የኤርባግ ወይም የቀበቶ ማጥበቂያ መስመር ነው። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ መፍታት፣ ቢያንስ 90 ሰከንድ መቆየት፣ ከዚያ ሶኬቱን መንቀል። ሶኬቱ ሳይመለስ ቁልፍ ከተከፈተ የኤርባግ መብራት ይበራል፣ ጥፋቱም በመኪናው ኮምፒውተር ይመዘገባል።

በቤት የሚሠራው ሥራ እዚህ ያበቃል። የተሰነጠቀ ሐዲድ ወይም ያለቀ ጥርስ በብየዳ አይመለስም። የብየዳው ሙቀት የብረቱን ጥንካሬ ይለውጠዋል፤ ወለሉ ላይ የተበየደ ወንበርም ስስ ላሜራውን ይዞ ይነሳል። ርካሽና ፈጣን መሆኑ ይገባኛል፤ ቢሆንም ሕይወት የሚያስከፍል ቁጠባ ነው። በወልቂጤም በቡታጅራም ላለ ባለመኪና የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ ሩቅ አይደለም፤ ዘመድ ልኮ ከተመሳሳይ ሞዴል የወረደ፣ ያልተጣመመ ሐዲድ ማስገዛት ይቻላል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በእጃችን ያሉት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት መሥራታቸው ስለማይቀር፣ ይህ መለዋወጫ ወጪው ይገባዋል።

በጣም የሚያሳስበኝ የሕዝብ ማመላለሻው ነው። ለዕቃ ተብለው ተሠርተው ኋላ ወደ ሰው መጫኛ የተቀየሩ ሚኒባሶች ወንበራቸው የገባው ከፋብሪካው ውጭ ነው፤ የጥንካሬው ዋስትና ያኔ የበየደው ሰው እጅ ብቻ ነው። ለቦሎ በሚደረገው ምርመራ እያንዳንዱ ወንበር ከእግሩ እየተያዘ በኃይል ቢነቀነቅ፣ ወንበሩ የላላ መኪናም ተስተካክሎ እስኪመለስ ባያልፍ እመኛለሁ።